በትምህርት ቤት የአደጋ ማንቂያ ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2018 በፍሎሪዳ ፓርክላንድ በሚገኝ ትምህርት ቤት በተከፈተ ተኩስ 17 ሰዎች ተገደሉ፤ የ14 ዓመቷ አሊሳ አልሃዴፍ አንዷ ነበረች። በስሟ የተሰየመው «የአሊሳ ሕግ» በ2019 በኒው ጀርሲ፣ በ2020 በፍሎሪዳ፣ ከዚያም ቴክሳስን ጨምሮ በሌሎች ግዛቶች ጸደቀ። ዝርዝሩ ከግዛት ግዛት ቢለያይም ዋናው ሐሳብ ፖሊስን በቀጥታ የሚጠራ ድምፅ አልባ ማንቂያ ነው። ሕጉ ዕቃውን ያስገዛል፤ በጭንቅ ሰዓት የሚያድነው ግን አገጣጠሙና ልምምዱ ነው።

በዋይፋይና በስልክ ብቻ መተማመን። በሜይ 2022 በዩቫልዲ፣ ቴክሳስ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን በተገደሉበት ቀን ርእሰ መምህሯ በአፕ ማስጠንቀቂያ ለመላክ ሞክረው ነበር፤ ኔትወርኩ ግን ደካማ ነበር። በድምፅ ማጉያውም ማንም አልተናገረም። የመምህር ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይቀራል፣ ባትሪው ያልቃል። ስለዚህ የራሱ የሬዲዮ መስመርና መጠባበቂያ ባትሪ ያለው፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ባጅ (የማንቂያ ቁልፍ ያለው መታወቂያ መሰል ካርድ) ይመረጣል። ሙከራው ቢሮ ውስጥ ብቻ አይበቃም፤ በሮች ተዘግተው በየክፍሉ፣ በሽንት ቤት፣ በጂም፣ በምድር ቤትና በሜዳው ይጫኑት። ያልደረሰበትን ቦታ ጽፈው አስተካክለው እንደገና ይሞክሩ።

ለሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ማንቂያ። በዚያው በዩቫልዲ ትምህርት ቤት፣ በሜክሲኮ ድንበር አካባቢ በሚደረግ የፖሊስ ማሳደድ ምክንያት ማስጠንቀቂያ ይደጋገም ስለነበር ሠራተኛው ተለማምዶት እንደነበር የቴክሳስ ምክር ቤት አጣሪ ኮሚቴ ጽፏል። ጠብን ወይም የአስም ሕመምን ለሠራተኞች ብቻ የሚያሳውቅ ጥሪ ከሙሉ ሎክዳውን (በሮችን ቆልፎ ውስጥ መቆየት) ይለይ። በአንዳንድ ባጆች 3 ጊዜ መጫን እርዳታ ይጠራል፣ 8 ጊዜ መጫን ግን ትምህርት ቤቱን በሙሉ ያስቆልፋል።

ቦታውን ሳይናገር የሚሄድ ጥሪ። የትምህርት ቤቱ አድራሻ ብቻ ለፖሊስ አይበቃውም፤ ሕንፃ፣ ፎቅና የክፍል ቁጥር ያስፈልገዋል። ክፍሎች ቁጥር ሲቀይሩ ካርታውም በዚያው ሳምንት ይታደስ። በፓርክላንድ ከሞባይል ወደ 911 (የአሜሪካ የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥር) የተደረጉ ጥሪዎች ወደ ጎረቤቷ ከተማ ኮራል ስፕሪንግስ ሄደው ወደ ሸሪፉ (የካውንቲው ፖሊስ) መዛወር ነበረባቸው። ማንቂያው ትክክለኛው የ911 ጥሪ ማዕከል መድረሱን አስቀድመው አሳውቀው ከማዕከሉ ጋር በየዓመቱ ይፈትሹ። ከፌብሩዋሪ 2020 በፊት የተገጠመ የቢሮ ስልክ 911 ከመደወሉ በፊት 9 መጫን ሊጠይቅ ስለሚችል እሱም ይታይ።

ከእሳት ደወል ጋር መደባለቅ። በፓርክላንድ በተኩሱ መሃል የእሳት ደወል ጮኾ ተማሪዎች ወደ ኮሪደር ወጥተዋል። የሎክዳውን መልእክት በግልጽ ንግግር ይሁን፤ ለማይሰሙ ተማሪዎችም ብልጭ የሚል መብራት ይጨመር።

ተተኪ መምህራንን መርሳት። የካፍቴሪያና የጽዳት ሠራተኞችንም። ባጁ ጠዋት ሲፈርሙ ይሰጣቸው፣ አጫጫኑም እዚያው ይታያቸው።

ለወላጅ ዘግይቶ መጻፍ። መልእክቱ አስቀድሞ ተረቅቆ ይቀመጥ፤ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች በሚበዙበት እንደ ሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ባለ ቦታ ደግሞ በአማርኛም። ወላጆችም ስልክ ቁጥራቸውንና የቋንቋ ምርጫቸውን በትምህርት ቤቱ መዝገብ ያሳድሱ። ልጆቻቸውን የሚረከቡበት ቦታ በመልእክቱ መጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፍ፤ ሁሉም ወደ ትምህርት ቤቱ ከነዳ አምቡላንስ መግቢያ ያጣል።