ነባርና አዲስ ሠራተኛ ሳይቀያየሙ ከቤት የመሥራት ተራ እንዴት ይወጣል?

በፊት በምሠራበት ቢሮ አርብ ከቤት መሥራት የሚፈቀደው አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ላገለገለ ብቻ ነበር። ሒሳብ ክፍል የቀረችው ከተቀጠረች ሦስት ወር የሆናት ልጅ ናት። ስልኳ አያርፍም። «እስቲ የሰኔን ቫውቸር ከመደርደሪያው አውጪና ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።» «ያቺን ደብዳቤ ማህተም አስመቺልኝ።» አንድ ከሰዓት ዘጠኝ ጊዜ ከወንበሯ ስትነሳ ቆጥሬያለሁ። የራሷን ሥራ የጀመረችው ሰው ሊወጣ ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የሚደውሉላት ሰዎች ደጎች ነበሩ። የሚያዝነው ሰው ቢኖርም ደንቡን የሚነካው ግን አልነበረም።

እንዲህ ያለ ደንብ እንድታወጡ ወይም እንድታስተካክሉ ከተመደባችሁ ከዚህ ጀምሩ።

1. መጀመሪያ ሥራውን ዘርዝሩ

የሰው ስም አትጻፉ፤ የሥራ መደብም አትጻፉ። በሳምንት ውስጥ የሚሠራውን እያንዳንዱን ነገር ጻፉ። ሒሳብ ክፍልን ብንወስድ የደሞዝ ሰንጠረዥ፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፣ የወር ሪፖርት ከቤት ይሠራል። ደረሰኝ መቁረጥ፣ ጥሬ ገንዘብ መቁጠር፣ ቼክ መፈረም ግን ቢሮ ይፈልጋል። ዝርዝሩ ሲያልቅ ብዙ ጊዜ የሚገርም ነገር ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የምትውለው ጀማሪዋ ናት። ቼክ የሚፈርሙት ኃላፊ ደግሞ ቢሮ መገኘት አለባቸው።

2. የአገልግሎት ዘመን የት እንደሚቆጠር ለዩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ጠቡ የሚነሳው ከዚህ ነው። አገልግሎት ክብር አለው፣ ሕጉም ያውቀዋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። 11 ዓመት ያገለገለ ሰው 21 ቀን ያርፋል ማለት ነው። ይገባዋል።

ከቤት መሥራት ግን እረፍት አይደለም። ቤትም ተሆኖ በቀን ስምንት ሰዓት ይሠራል። እንደ ሽልማት ካደላችሁት «ቤት ያለ አይሠራም» የሚለውን ሐሜት ራሳችሁ አጸናችሁት። እንግሊዝ አገር የሥራ ሰዓትንና ቦታን ለማስተካከል፣ ለምሳሌ ከቤት ለመሥራት፣ ጥያቄ ለማቅረብ 26 ሳምንት መሥራት ግድ ነበር። ከ2024 ሚያዝያ ወዲህ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ሠራተኛው ከገባበት ቀን ጀምሮ መጠየቅ ይችላል።

አዲስ ሰው ሥራ እስኪለምድ ቢሮ ቢውል ጥሩ ነው፤ ብዙ ነገር የሚለመደው ከጎን ተቀምጦ በማየት ነው። ግን እንደዚያ ከሆነ የሚያሳየውም ሰው አብሮት ይዋል። ሁሉም ነባር ቤት ውሎ ልጁን ብቻውን ቢሮ ማስቀመጥ ምን ያስተምረዋል?

3. ቀኑን እንደ እቁብ አውጡት

ሰኞንና አርብን ሁሉም ይፈልጋል። ስለዚህ እጣ ይጣልና የወሩ ተራ አስቀድሞ ይለጠፍ። እቁብ ላይ የቸገረው ሰው ተራውን እንዲለቁለት ይጠይቅ የለ? እዚህም መለዋወጥ ይፈቀድ። ነፍሰ ጡር፣ ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰች እናት፣ ሕመም ያለበት ሰው ቅድሚያ ያግኙ። ምክንያታቸውን ግን ለአንድ ሰው ብቻ ይንገሩ፤ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ማስረዳት የለባቸውም።

4. የዳታና የመብራት ነገር

ነባሩ ቤቱ ዋይፋይ ይኖረዋል። ጀማሪው አንድ ክፍል ተከራይቶ የሞባይል ፓኬጅ እየገዛ ነው። ቢሮው የሚከፍል ከሆነ ለሁሉም እኩል ይክፈል። መብራት ሲሄድ ምን እንደሚደረግም በጽሑፍ ይቀመጥ። «መብራት ሄደብኝ» የሚለው ቃል ከኃላፊው ሲመጣ ታምኖ፣ ከጀማሪው ሲመጣ «ምክንያት አበዛ» መባል የለበትም።

5. ቢሮ የቀረውን ሰው ጠብቁ

ቤት የሚውል ሰው የሚፈልገውን ፋይል በዋዜማው ስካን አድርጎ ይሂድ። የረሳው ካለ እስከ ጠዋቱ አራት ሰዓት በአንድ መልእክት ይላክ። ከዚያ በኋላ የመጣ ጥያቄ ለነገ ይደር። ለዚያች ልጅ ይህ አንድ መስመር ብቻ ቢኖር ከሰዓቷ ይተርፍላት ነበር።

6. ነባሮቹን አስቀድማችሁ አነጋግሩ

አርባቸውን ስብሰባ ላይ በድንገት አትውሰዱባቸው። ቀደም ብላችሁ ለየብቻ ቡና ጋብዟቸው። «ጋሼ፣ አርብዎን ጭራሽ ልናስቀር አይደለም፤ በተራ ይደርስዎታል። ልጆቹ ደግሞ ከእርስዎ የሚማሩት ብዙ ነገር አለ» በሏቸው። የምትሉት እውነት ስለሆነ ይሰሟችኋል። ቅር የሚላቸው ቢኖሩም ቅሬታቸውን ጻፉት፤ አንዳንዴ እናንተ ያላያችሁትን ያያሉ።

ደንቡን ለሦስት ወር ሞክሩትና ተሰብስባችሁ ገምግሙት። በግምገማው መጀመሪያ የሚናገረው የመጨረሻው ተቀጣሪ ይሁን። አለቃ ከተናገረ በኋላ ዕድል ከሰጣችሁት «እንደተባለው ነው» ብሎ ይቀመጣል።