ከልብ አንጂዮግራም በኋላ የሚመጣውን ቢል እንዴት እናንብብ?

አሜሪካ ውስጥ የልብ ደም ስራችሁ በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ከታየ በኋላ ፖስታ ይበዛባችኋል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ኢንሹራንሱ የሚልከው ኢኦቢ ነው፤ ምን ያህል እንደሸፈነና ለእናንተ ምን ሊቀር እንደሚችል የሚያሳይ መግለጫ። ላዩ ላይ «ይህ ቢል አይደለም» ይላል። ስለዚህ አትክፈሉት፤ ግን አትጣሉት።

ቀጥሎ አንድ ቢል ከሆስፒታሉ፣ አንድ ከሐኪሙ ይመጣል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው «ሁለቴ አስከፈሉኝ» ብሎ የሚናደደው። ሆስፒታሉ የሚጠይቀው ለክፍሉ፣ ለመሣሪያውና ለነርሶቹ ነው፤ ሐኪሙ ለሙያው። የሁለቱም ኮድ (የተሠራውን ሥራ የሚገልጸው ቁጥር) አንድ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ዘንድ ከኮዱ ቀጥሎ 26 ካያችሁ የሙያ ድርሻው ብቻ ነው።

ዓይናችሁን የምትጥሉበት ሌላ ቦታ አለ፦ የቢሉ ዝርዝር። ወደ ሆስፒታሉ ደውሉና «አይተማይዝድ ቢል (ዝርዝር ቢል) ከነሲፒቲ ኮዱ ላኩልኝ» በሉ። አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በነፃ ነው። የ12 ዓመት ልጃችሁን በዚህ ጉዳይ አታስተርጉሙ፣ እባካችሁ።

ሲፒቲ ያው የሥራው መለያ፣ ባለ 5 አሃዝ ቁጥር ነው። 93454 የልብ ደም ስሮች ብቻ ቀለም ተረጭቶ ሲታዩ ነው። 93458 ያንኑ ይዞ ካቴተሩ ወደ ግራው የልብ ክፍል መግባቱን ይጨምራል። ሁለቱ ለአንድ ምርመራ ጎን ለጎን ከተጻፉ ትልቁ ትንሹን ውጦታልና «ለምን ተነጣጥለው ተጠየቁ?» በሉ። ምስሉን የማንበቡ ሥራም እዚያው ውስጥ ነው።

የእግር ደም ስር ከሆነ ነገሩ ይለያል። 75710 የአንድ ወገን፣ 75716 የሁለቱም ነው። አንድ እግር ታይቶ 75716 ከመጣ ጠይቁ። ካቴተሩን ማስገባቱ ግን እዚህ የራሱ ኮድ አለው፤ በእሱ አትጣሉ።

ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ከቀጠሮው በፊት የዋጋ ግምት በጽሑፍ ይቀበል። ከ2022 ጀምሮ ሕጉ ይፈቅድለታል። ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ በ120 ቀን ውስጥ መከራከር ይቻላል።

ቢሉ ትክክል ሆኖ አቅም ካነሰስ? ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች ለዝቅተኛ ገቢ ድጋፍ እንዲኖራቸው ይገደዳሉ። ከመጀመሪያው ቢል አንስቶ ለማመልከት 240 ቀን አላችሁ። ክሬዲት ካርድ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ፎርሙን ሙሉ።