ዝግ የትራም ዋሻ ለጎብኚ ሲከፈት የሚሠሩ ስህተቶች

ባሕር ዳር ትራም ኖሯት አያውቅም፤ የተተወ የትራም ዋሻም የላትም። ያም ሆኖ ከአገልግሎት ውጪ የሆነ የምድር ውስጥ መተላለፊያን ለሕዝብ መክፈት በሥነ ሕንፃና በቱሪዝም ተማሪዎቻችን ዘንድ የሚወደድ የመመረቂያ ርዕስ ነው። ለምሳሌ የሚይዙት የለንደኑን የኪንግስዌይ የትራም ዋሻ፣ የዋሽንግተኑን የዱፖንት የምድር ውስጥ የትራም ጣቢያና የኒው ዮርኩን የዊልያምስበርግ ድልድይ የትራም ተርሚናል ነው። ርዕሱ መልካም ነው፤ እንዲሠራበትም እንፈልጋለን። ዛሬ የለንደንን ዋሻ በወረቀት ላይ በሥርዓት የከፈተ ልጅ ነገ እዚሁ አገር ሰው ይዞ ወደ ጨለማ የሚገባ ባለሙያ ይሆናል። ያስቸገረን ዕቅዶቹ በአንድ በሽታ መያዛቸው ነው። የመግቢያው በር በቀለም ተሥሎ፣ የካፌው ቦታ ተመርጦ፣ የትኬቱ ዋጋ ተሰልቶ እናያለን፤ ሰው በየት በኩል እንደሚወጣና ውስጥ ምን እንደሚተነፍስ ግን አንድ መስመር አይገኝም።

ሥራ ላይ ያለን ዋሻ እንደተተወ መቁጠር

“ከአገራችን ምሳሌ እንጨምር” እያሉ የጣና በለስን ዋሻ የሚያስገቡ አሉ። ያ ዋሻ ከጣና ምዕራባዊ ዳርቻ ውሃ ተቀብሎ 12 ኪሎ ሜትር ያህል እየወሰደ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን ጣቢያ የሚመግብ፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለ የውሃ መንገድ ነው። ከዕቅዳችሁ አውጡት።

ሙሉ ርዝመቱን መመኘት

የኪንግስዌይ ዋሻ በ1906 ተከፈተ (የውጭዎቹ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የተሠራው ለባለ አንድ ፎቅ ትራም ስለነበር በ1930 ተዘግቶ ወለሉ ዝቅ ተደረገ፤ በ1931 ለባለ ሁለት ፎቅ ትራም ተከፈተ። በ1952 ትራሙ ቀረ። በ1964 ደቡባዊው ክፍል የመኪና መተላለፊያ ሆነ። እንግዲህ ተማሪዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር የሚያስኬዱበት ዋሻ ዛሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ የለም። የለንደን ትራንስፖርት ሙዚየም ከ2021 ጀምሮ የሚያስጎበኘው የቀረውን ሰሜናዊ ክፍል ነው፤ ያውም ቀድሞ ለተመዘገበ ሰው፣ በአስጎብኚ፣ በአነስተኛ ቡድን።

ዱፖንትም እንዲሁ ነው። ጣቢያው በ1949 ተከፍቶ በ1962 ተዘጋ። በ1995 የምግብ መሸጫ እንዲሆን ተሞክሮ ብዙም ሳይቆይ ከሸፈ። በ2016 የሥነ ጥበብ ቦታ ሆኖ ሲከፈት ለሕዝብ የቀረበው ከጠቅላላው ስፋት ጥቂቱ ነበር። የኒው ዮርኩ ተርሚናል ደግሞ በ1948 የተዘጋ ነው። የፀሐይ ብርሃን በመስታወትና ብርሃን በሚያስተላልፍ ቀጭን ክር (ፋይበር ኦፕቲክ) ወደ ውስጥ ወርዶ ዛፍ የሚበቅልበት የምድር ውስጥ መናፈሻ ሊሆን ታስቦ በ2016 ከከተማው የመጀመሪያ ፈቃድ አገኘ፤ በ2020 በገንዘብ እጥረት ቆመ።

ስለዚህ ርዝመቱን የሚወስነው የዋሻው ውበት ሳይሆን የሰው እግር ነው። ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ፣ ባልለመደው ወለል ላይ፣ ግድግዳ እየዳሰሰ የሚወጣ ሰው በሰከንድ ግማሽ ሜትር ቢሄድ ነው። 60 ሜትር ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ 300 ሜትር አሥር ደቂቃ። ጭስ ባለበት አሥር ደቂቃ የሚሰጣችሁ የለም። በ60 ሜትር ጀምሩ።

መውጫውን ከመግቢያው ጋር አንድ ማድረግ

በአንድ በር ገብቶ በዚያው የሚወጣ ቡድን እሳቱ ወይም ጭሱ በሩ ላይ ከተነሣ መሄጃ የለውም። ሁለተኛ መውጫ ከሌለ የሚከፈተው ክፍል በጣም አጭር፣ ቡድኑም ከ12 ሰው ያልበለጠ ይሁን፤ አንድ አስጎብኚ ከፊት፣ አንድ ከኋላ። ውስጥ የሚቃጠል ነገር አይቀመጥ፤ የስፖንጅ መቀመጫ፣ መጋረጃ፣ የፕላስቲክ ማስጌጫ የሚባል አይግባ።

ቁልቁለቱንም አትርሱ። የኪንግስዌይ መውረጃ በየአሥር ሜትሩ አንድ ሜትር ይወርዳል። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመከረው ግን በየ12 ሜትሩ ከአንድ ሜትር ያልበለጠ ነው። “አካል ጉዳተኞችን ያካተተ” ብሎ ጽፎ በዚያ መውረጃ ማስገባት ሰውን ለአደጋ መዳረግ ነው። ወለሉም ተንኮል አለው። የለንደን ትራም እዚያ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ካለ ቀዳዳ መስመር ስለነበር በአንድ መንገድ ላይ የሚታየው የብረት መስመር ሦስት ነው። እርጥብ ብረት ያንሸራትታል፤ ቀጭን ተረከዝም ቀዳዳው ውስጥ ይያዛል። ቀዳዳውን በሲሚንቶ የሚደፍን ዕቅድ ደጋግመን አይተናል። አይደፈን፤ ታሪኩ እሱ ነው። በሚነሣ ጣውላ ሸፍኑትና አንድ ሜትር ያህሉን ለማሳያ ክፍት ተዉት፣ በአጥር።

ጀነሬተር ከዋሻው አፍ ላይ ማቆም

ይህን ስህተት በሥዕል ላይም፣ በእውነተኛ ቦታም ማየት ሰልችቶናል። መብራት ይጠፋል፤ ጀነሬተር ይመጣል፤ ዝናብ እንዳይመታው፣ ሌባ እንዳይወስደው፣ ገመዱም እንዳያጥር ተብሎ በር ላይ፣ አንዳንዴም ከበሩ ገባ ብሎ ይቆማል። ይህ ሰው ይገድላል።

ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ክብደቱ ከአየር ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ወለል ላይ አይተኛም፤ ጣሪያ ላይም አይሰበሰብም፤ ከምንተነፍሰው አየር ጋር ተቀላቅሎ ይሄዳል። በአየሩ ውስጥ ከሚሊዮን 200 እጅ ሲሆን በሁለት ሦስት ሰዓት ራስ ምታት ያመጣል፤ 800 ሲደርስ በ45 ደቂቃ ያዞራል፣ ያስመልሳል፤ 1,600 ከሆነ በሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። የሚመረዘው ሰው “ደከመኝ” ብሎ ይቀመጣል እንጂ አይጮህም። አስጎብኚው ከፍታው ነው፣ ሙቀቱ ነው ይላል።

“በሩ ክፍት ነው፣ አየር ይገባል” የሚለው ክርክር ችግሩን ገልብጦ ማየት ነው። ዋሻ ይተነፍሳል። ሁለቱ አፎቹ ከፍታቸው ከተለያየ፣ ውጭው ሲሞቅ ቀዝቃዛው የውስጥ አየር በታችኛው አፍ ይወጣል፤ በላይኛው በኩል ደግሞ የውጩ አየር ይሳባል። ሌሊት ውጩ ሲቀዘቅዝ ይገለበጣል። ጣና ዳር ላይ ደግሞ ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ፣ ሌሊት ከየብስ ወደ ሐይቁ ነው። ጠዋት የተኛው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ እንደሚናወጥ ባለ ጀልባዎቹ ሁሉ ያውቁታል። ስለዚህ በሦስት ሰዓት ጭሱን ከዋሻው እያራቀ የነበረ ነፋስ በዘጠኝ ሰዓት ጭሱን ወደ ውስጥ ሊከት ይችላል። ከመክፈታችሁ በፊት ጎብኚ በሌለበት ጠዋት፣ ቀትርና አመሻሽ ላይ ከአፉ ውጭ ዕጣን አጭሱና ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ መዝግቡ። ወጪው ከአንድ ጭብጥ ዕጣን አይበልጥም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ጀነሬተሩ ከነጭራሹ የማያስፈልግ መሆኑ ነው። ለ60 ሜትር መተላለፊያ ባለ 20 ዋት አሥር የኤልኢዲ አምፖሎች ይበቃሉ፤ በጠቅላላው 200 ዋት። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሶላር ባትሪ በወረቀት ላይ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ የአሲድ ባትሪን ከግማሽ በታች ማውረድ ስለማይገባ 600 ያዙለት። ሦስት ሰዓት ያበራል። ሁለት ባትሪ ካላችሁ ከሰዓት በኋላውን ሸፈናችሁ። ግን በ12 ቮልት ረጅም ገመድ አትጎትቱ፤ ኃይሉ መንገድ ላይ ያልቅና መጨረሻ ያሉት አምፖሎች ይፈዛሉ። ባትሪዎቹን በየ20 ሜትሩ ከፋፍላችሁ አስቀምጡ፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ያበራል። ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ስለሚያወጣ ሙሌቱ ሁልጊዜ ውጭ፣ ነፋስ ላይ ይሁን። የግድ ጀነሬተር ከመጣ ደግሞ ከማንኛውም የዋሻ አፍና የአየር ቀዳዳ ቢያንስ 20 ሜትር ርቆ፣ ጭሱ ወደ ዋሻው በማይሄድበት በኩል ይቁም፤ የነፋሱንም አቅጣጫ በየሰዓቱ የሚያይ ሰው ይመደብለት።

በጋዝ መለኪያ ተማምኖ መግባት

መለኪያ ገዝቶ በር ላይ አንዴ አብርቶ “ደኅና ነው” ማለት አለመለካት ነው። መጀመሪያ ከዋሻው ርቃችሁ ንጹሕ አየር ላይ አስተካክሉት፤ ኦክስጅኑ 20.9 ከመቶ ማሳየት አለበት። ከዚያ ሁለት ሠራተኞች ጎብኚ ከመግባቱ በፊት እየሄዱ በቁርጭምጭሚት፣ በወገብና በራስ ቁመት ይለኩ፤ በየቦታው አንድ ሁለት ደቂቃ ይቁሙ፣ መሣሪያው ለማንበብ ጊዜ ይፈልጋልና። ኦክስጅን ከ19.5 ከወረደ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሚሊዮን 35 እጅ ካለፈ ወይም ሃይድሮጅን ሰልፋይድ (እንደ ገማ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ) ከሚሊዮን 10 እጅ ከደረሰ መውጣት ነው፤ ምክክር የለም።

ብዙዎች የማያውቁት እዚህ አለ። የተለመደው ባለ አራት ጋዝ መለኪያ (ኦክስጅን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድና ተቀጣጣይ ጋዝ የሚለካው) ካርቦን ዳይኦክሳይድን አይለካም። አየር በማይዘዋወርበት ጥግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አምስት ከመቶ ቢደርስ ሰው ያለከልካል፣ ራሱን ያመዋል፤ ኦክስጅኑ ግን ወደ 19.9 ብቻ ሊወርድ ስለሚችል መሣሪያው ላይጮህ ይችላል። ጫፉ የተዘጋ ዋሻ ካላችሁ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለይቶ የሚለካ መሣሪያ ያስፈልጋችኋል፤ ከሚሊዮን 5,000 እጅ ካለፈ ጉብኝቱ ይቅር። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። እዚህ የምንሠራ ሰዎች ገደቡ ላይ ሳንደርስ ብንወጣ ይሻላል።

በሚያዝያ አይቶ በመስከረም መክፈት

ውሃ አጠገብ ያለ ማንኛውም የምድር ውስጥ ቦታ የሚፈተሸው በደረቁ ወር አይደለም። የጣና ከፍታ ጫፍ የሚደርሰው ዝናቡ በሚጠነክርበት በሐምሌ ሳይሆን ወንዞቹ ያመጡትን አጠራቅሞ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ዳር ያለው የከርሰ ምድር ውሃም አብሮ ይነሣል። “ዝናቡ አባራ፣ እንክፈት” የሚባልበት ወቅት በትክክል ወለሉ ውሃ የሚያመነጭበት ነው። አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ በአንድ ምልክት ላይ የውሃውን ከፍታ መዝግቡ። ፓምፕ ካስፈለገ ሁለት ይሁን፤ በኤሌክትሪክ እንጂ በቤንዚን የሚሠራ ፓምፕ ውስጥ አይግባ፣ ምክንያቱን ከላይ ተናግረናል።

የሌሊት ወፍ

ኩሱን በደረቁ መጥረግ ክልክል ነው። አቧራው ሳንባ የሚያጠቃ ፈንገስ ሊይዝ ይችላል። በውሃ አርጥቡ፣ ኤን95 ጭምብልና ጓንት አድርጉ። ወፎቹ በብዛት የሚያድሩበት ክፍል ደግሞ ለጎብኚ አይከፈት፤ በ2008 ኡጋንዳ ውስጥ የሌሊት ወፍ ያለበት ዋሻ የጎበኘች ኔዘርላንዳዊት በማርበርግ ቫይረስ ሞታለች።

ማሳመር

ግድግዳውን መቀባት፣ የድሮውን ማስታወቂያ መፋቅ፣ የዛገውን መንቀል። ሰው የመጣው ለዚያ ዝገት መሆኑን አስቡ። በኖራ የተገነባ ግንብ በሲሚንቶ ሲለሰን ደግሞ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ የተጠገኑ የጎንደር ግንቦች ኋላ በኖራ እንደገና መጠገን አስፈልጓቸዋል። ለግንበኛችሁ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ንገሩት፤ ሲሚንቶ የሚያመጣው በክፋት ሳይሆን የጠነከረ የተሻለ መስሎት ነው። በአገራችን የተመዘገበ ቅርስ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ምስማር እንኳ አትምቱ።

በፓውዛ ማጥለቅለቅ

የሰው ዓይን ከጨለማ ጋር ለመላመድ ደቂቃዎች ይፈልጋል። ኃይለኛ ፓውዛ አብርታችሁ ድንገት ቢጠፋ ሁሉም ይታወራል። ደብዛዛና ያልተቆራረጠ ብርሃን ወለሉ ላይ ይሁን፤ ዋናው ሲጠፋ ራሱ የሚበራ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት የሚቆይ መጠባበቂያም ይኑር። ላሊበላ ላይ ምእመናን መብራት ሳይዙ ግድግዳ እየዳሰሱ የሚያልፉበት መተላለፊያ አለ፤ እሱን ጠቅሶ “ጨለማው ራሱ ትርጉም አለው” የሚል ተማሪ እውነቱን ነው። እዚያ ግን ወለሉ ላይ የኤሌክትሪክ ቀዳዳ የለም፤ የሚገባውም ሰው ለምን እንደገባ ያውቃል።

በስልክ መተማመን

ምድር ውስጥ ኔትወርክ የለም። የእጅ ራዲዮም ቢሆን ዋሻው ከታጠፈ አያልፍም፤ እጥፋቱ ላይ አንድ ሰው ቆሞ መልእክት ያስተላልፍ። ለእያንዳንዱ ጎብኚ ቁጥር ያለው ጥንድ ምልክት ይዘጋጅ፤ አንዱ በአንገቱ፣ አንዱ በር ላይ ባለ ሰሌዳ። በሩ ላይ የተመደበው ጥበቃ ሰሌዳውን ትቶ ለሻይ አይሄድም፤ የአምቡላንስና የእሳት አደጋ ስልክ ሰሌዳው ላይ ይጻፍለት፤ ቡድኑ በተባለው ሰዓት ካልወጣ ስንት ደቂቃ ጠብቆ እንደሚደውል በጽሑፍ ይሰጠው፤ ብቻውን ተከትሎ እንዳይገባም በግልጽ ይነገረው።