የሆድ ድርቀትን በምግብና በልማድ ማለዘብ

ሆድ ደረቀ የሚባለው ዐይነ ምድር በሳምንት ከ3 ጊዜ ያነሰ ሲወጣ፣ ወይም ጠጥሮ ሲያስምጥ ነው፤ አንድ ቀን መዝለል ብቻውን ሕመም አይደለም። ትልቁ አንጀት ከምግብ ቅሪት ውስጥ ውሃ ስለሚመጥ ቅሪቱ በቆየ ቁጥር ይበልጥ ይደርቃል። ስለዚህም የባሕር ዳር ሙቀት በሚበረታበት በሚያዝያ በላብ የወጣውን ውሃ ቶሎ ቶሎ በመጠጣት መተካት ያስፈልጋል፤ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ።

የጣና ዓሣ ጥሩ ምግብ ቢሆንም አሰር (ፋይበር) የለውም። ጥብሱን በነጭ ዳቦ ብቻ ከመብላት ይልቅ ጎመን፣ ምስር ወይም ሽሮ በጤፍ እንጀራ ማዘውተርና ፓፓያ ወይም ማንጎ ማስከተል ይሻላል። ለአዋቂ በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም አሰር ይመከራል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ ከተጨመረ ሆድን ስለሚነፋ ቀስ በቀስ ይሁን።

ከሁሉ የምመርጠው ተልባን ነው። ፍሬው ሳይፈጭ ከተዋጠ እንዳለ ሊወጣ ስለሚችል፣ በትንሹ አምሶ መፍጨትና አንድ የሾርባ ማንኪያውን በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ መጠጣት ይገባል። ብዙዎቻችን አጥልለን ገለባውን እንደፋለን፤ የምንፈልገው አሰር ግን በአብዛኛው እዚያ ነው። ዱቄቱን በደረቁ መቃም አይገባም፤ ውሃ ሲያገኝ ስለሚያብጥ ጉሮሮ ወይም አንጀት ሊዘጋ ይችላል። መድኃኒት የሚወስድ ሰውም በሁለቱ መካከል ሁለት ሰዓት ያህል ያቆይ።

ምግብ ጨጓራ ሲገባ ትልቁ አንጀት ስለሚንቀሳቀስ፣ ከቁርስ በኋላ፣ በጾም ወቅት ደግሞ ከመጀመሪያው ማዕድ በኋላ፣ ሳይቸኩሉ መጸዳጃ ቤት መቀመጥ ይለመድ። ቡና ለአንዳንዱ ሰው ይህን ያፋጥናል። በመቀመጫ መጸዳጃ ላይ እግርን በአጭር በርጩማ ከፍ ማድረግ ማማጥን ይቀንሳል። የመጣውን ስሜት፣ መንገድ ላይ ነኝ ብሎም ቢሆን፣ ደጋግሞ መያዝ ድርቀቱን ያመጣዋል። አመሻሽ ላይ በሐይቁ ዳር ፈጠን ብሎ ለግማሽ ሰዓት መራመድም አንጀትን ያነቃቃል።

ኮሶ የቆየ የኮሶ ትል ማስወጫ እንጂ የድርቀት መፍትሔ አይደለም፤ ሊመርዝም ይችላል። የጉሎ ዘይትም ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ድርቀቱ የጀመረው የብረት እንክብል ወይም ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ ከተወሰደ በኋላ ከሆነ፣ የታዘዘውን በራስ ከማቆም ይልቅ ያዘዘውን ባለሙያ ማማከር ይገባል።

ደም ከታየ፣ ክብደት ያለምክንያት ከቀነሰ፣ ወይም ችግሩ ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ሆድ ተነፍቶ ጋዝ እንኳ አልወጣ ካለና ትውከት ከተጨመረበት ግን ተልባም ሆነ ማስቀመጫ መድኃኒት ሳይወሰድ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ ግድ ነው።