የአሮጌ ላዳን የፊት እግር በስፔሶር ማስተካከል

በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ያገለገሉት ላዳዎች ከፊያት 124 የተወረሰ፣ ባለ ሁለት ክንድ የፊት እግር አላቸው። የታችኛው ክንድ ዘንግ ከተሻጋሪው ብረት ጋር በሚታሰርባቸው ሁለት ቡሎኖች ላይ ስስ ስፔሶሮች (ክፍተት የሚሞሉ ስስ ብረቶች) ስለሚገቡ፣ ካስተርም (ከታች የሚብራራው ዝንባሌ) ሆነ ካምበር (ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበት መጠን) ምንም ሳይቆረጥና ሳይበየድ ይስተካከላል።

ከልኬት በፊት ግን ልቅነትን ማጥፋት ግድ ነው። መኪናውን በክሪክ አንሥተው በማቆሚያ ላይ ካሳረፉ በኋላ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ያወዛውዙት፤ ረዳትዎ ፍሬን ሲረግጥ ንቅናቄው ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንቶቹን (ክንዶቹን ከጎማው በኩል የሚያገናኙትን ሉላዊ መገጣጠሚያዎች) እና ቦኮላዎቹን (ክንዶቹ በዘንጋቸው ላይ የሚዞሩባቸውን የጎማ ማቀፊያዎች) ይመርምሩ። ተሻጋሪው ብረት ቡሎን የሚያልፍበትን ቦታም በሽቦ ብሩሽ አጽድተው ስንጥቅ ይፈልጉ። አዲስ የጎማ ቦኮላ ከገባ ዳዶው በመጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው በአራቱም ጎማ ቆሞ ክብደቱን ሲሸከም ነው። እግሩ እንደተንጠለጠለ ከጠበቀ ቦኮላው ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል፤ ብዙ ባለቤት ዕቃውን የሚወቅሰው በዚህ ስሕተት ምክንያት ነው።

ካስተር፣ መኪናው ከጎን ሲታይ በሁለቱ ቦል ጆይንቶች መካከል የሚያልፈው መስመር ከላይ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት መጠን ነው። የፋብሪካው ልክ፣ አራት ሰውና 40 ኪሎ ዕቃ ሲጫን፣ 4 ዲግሪ ሆኖ ግማሽ ዲግሪ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። እኔ የላይኛውን ጫፍ እመርጣለሁ፤ በቆመበት ሲጠመዘዝ መሪው ትንሽ ቢከብድም በረጅም መንገድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ከጥምዝም ራሱ ይመለሳል። ለዚህም ስፔሶር ከፊተኛው ቡሎን ወደ ኋለኛው ይዛወራል፤ ያኔ ክንዱ ዞሮ የታችኛውን ቦል ጆይንት ወደ ፊት ይወስደዋል። በሁለቱም ቡሎኖች ላይ እኩል ሲጨመር ደግሞ የጎማው ግርጌ ወደ ውጭ ይገፋና አናቱ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ካምበር የሚለወጠው እንዲህ ነው። ዳዶ ከመፍታትዎ በፊት በየቡሎኑ ላይ ያሉትን ስፔሶሮች ቆጥረው በጠመኔ ይጻፉ።

ካምበርን በቱንቢ መለካት ይቻላል። የተጫነውን መኪና ደልዳላ መሬት ላይ አቁመው፣ ክሩን ከጎማው ውጭ አንጠልጥለው፣ ከክሩ እስከ ቸርኬው የላይኛና የታችኛ ጠርዝ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ያነጻጽሩ። በፋብሪካው ልክ የላይኛው ጠርዝ ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ክሩ ይቀርባል፤ ለራዲያል ጎማ ወደ 1 ማቅረቡ የተሻለ ይመስለኛል። ካስተር ግን በክር አይለካምና ወደ አላይመንት ቤት ይሂዱ፤ ሠራተኛው የመሪውን ዘንግ ብቻ አስተካክሎ እንዳይሸኝዎት የካስተሩን ንባብ ከሥራው በፊትም በኋላም ይጠይቁ።

እያንዳንዱ ስፔሶር ቶ-ኢንን (የሁለቱ ጎማዎች ፊት ከኋላቸው ይልቅ የሚቀራረብበትን መጠን) ስለሚያዛባ እርሱ ሁልጊዜ መጨረሻ ይመጣል። በሁለቱ ቸርኬዎች የፊት ጠርዝ ላይ፣ በመሐል ከፍታ፣ ምልክት አድርገው በመካከላቸው ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ምልክቶቹ ወደ ኋላ እስኪዞሩ መኪናውን ገፍተው ደግመው ይለኩ። ፊቱ ከኋላው ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር መጥበብ አለበት። ሲያስተካክሉ የመሪው ክብ እንዳይጣመም የግራና የቀኝ ዘንጎችን እኩል ያዙሩ፤ ከዚያም በኮብልስቶን መንገድ ጥቂት ነድተው ዳዶዎቹንና ቶ-ኢኑን እንደገና ይፈትሹ።