ሊነክስ ላይ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ማውንት አልሆን ሲል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

ዲስኩ ማውንት አልሆን (ከሲስተሙ ጋር ተያይዞ አልከፈት) ሲል ብዙ ሰው የሚቸኩለው ወደ ጥገና ትእዛዞች፣ አለፍ ሲልም ወደ ፎርማት ነው። ችግሩ ከኤሌክትሪኩ፣ ከፋይል ሲስተሙ (ፋይሎች ዲስኩ ላይ ከሚደራጁበት ሥርዓት) ወይስ ከዲስኩ ከራሱ መሆኑ ሳይለይ ግን ዲስኩ ላይ ምንም መጻፍ አይገባም፤ መረጃው አብዛኛውን ጊዜ በቦታው አለና። ለመለየት ሁለት ትእዛዞች ይበቃሉ፦ «ኤልኤስቢኤልኬ» (lsblk) ሲስተሙ ያወቃቸውን ዲስኮችና ፓርቲሽኖች (የዲስክ ክፍልፋዮች) ይዘረዝራል፤ «ዲሜሴጅ» (dmesg) ደግሞ ዲስኩ ሲሰካ ከርነሉ (የሊነክስ እምብርት) ምን እንዳጋጠመው ያሳያል።

ዲስኩ ከዝርዝሩ ከነጭራሹ ከጠፋ ወይም እየመጣ ከሄደ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉና የኃይል እጥረት ነው። መደበኛ የዩኤስቢ 2.0 ወደብ እስከ 500፣ የ3.0 ደግሞ እስከ 900 ሚሊአምፔር ስለሚሰጥ፣ የራሱ አዳፕተር በሌለው ሃብ (የዩኤስቢ ማከፋፈያ) ላይ ከሌሎች ዕቃዎች ጋር የተሰካ ዲስክ መሽከርከር ጀምሮ ሊቆም ይችላል። ኬብሉን ቀይሮ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ መሰካት ነው።

ፓርቲሽኑ እየታየ ማውንት ሲደረግ «የፋይል ሲስተሙ ዓይነት የተሳሳተ ነው» የሚል መልእክት ከመጣ፣ መልእክቱ ብዙ ምክንያቶችን ስለሚያጠቃልል ቃል በቃል መወሰድ የለበትም። በጣም የተለመደው ከዊንዶውስ የመጣ የኤንቲኤፍኤስ (NTFS፣ የዊንዶውስ ፋይል ሲስተም) ዲስክ ነው። በትክክል ሳይወጣ የተነቀለ፣ ወይም ፈጣን ማስነሻ (Fast Startup) የሚባለው የዊንዶውስ አሠራር እንደበራ ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ተሰክቶ የቆየ ዲስክ፣ ሥራው እንዳልተጠናቀቀ የሚገልጽ ምልክት ይቀርበታል፤ በ2021 ከከርነል 5.15 ጋር የገባው «ኤንቲኤፍኤስ3» (ntfs3) ድራይቨርም ይህን ምልክት ሲያይ «ዲሜሴጅ» ላይ ፓርቲሽኑ ንጹሕ አይደለም ብሎ ማውንት ማድረጉን ይተዋል። ተገቢው መፍትሔ ዲስኩን ዊንዶውስ ላይ ሰክቶ በ«ቼክዲስክ» (chkdsk) ማስፈተሽ፣ ከዚያም በሥርዓቱ አውጥቶ መንቀል ነው። ዊንዶውስ ከሌለ «ኤንቲኤፍኤስፊክስ» (ntfsfix) የተባለው የሊነክስ ትእዛዝ ምልክቱን ሊያነሳው ይችላል፤ ነገር ግን የተሟላ ፍተሻ ስለማያደርግ አስፈላጊ ፋይሎችን አስቀድሞ ለንባብ ብቻ ማውንት አድርጎ መቅዳት ይሻላል። ምልክቱን ችላ ብሎ ማውንት እንዲያደርግ ድራይቨሩን የሚያስገድደውን አማራጭ (force) ግን አልመክርም።

የኤክስት4 (ext4፣ የሊነክስ ፋይል ሲስተም) ዲስክ ተከፍቶ መጻፍ ከከለከለ፣ ባለቤትነቱ በሌላ ኮምፒውተር የተጠቃሚ ቁጥር ተመዝግቦ ይሆናል፤ ባለቤትን በሚቀይረው «ቻውን» (chown) ትእዛዝ ይስተካከላል።

ዲስኩ ሳይሰካ ኮምፒውተሩ አልነሳ ካለ፣ ምክንያቱ ሲነሳ ማውንት የሚደረጉ ዲስኮች በሚዘረዘሩበት «ኤፍኤስታብ» (/etc/fstab) ፋይል ውስጥ ስለ ዲስኩ የተጻፈው መስመር ነው፤ ሲስተሙን የሚያስነሳው ሲስተምዲ (systemd) ዲስኩን 90 ሰከንድ ያህል ጠብቆ ወደ አደጋ ጊዜ ሁነታ ይገባል። መስመሩ ላይ «ኖፌይል» (nofail) መጨመር፣ «ኤስዲቢ»ን (sdb) በመሰለ ተለዋዋጭ ስም ፈንታም የፓርቲሽኑን ዩዩአይዲ (UUID፣ የማይለዋወጥ መለያ ቁጥር) መጻፍ ያስፈልጋል።

ከሁሉም የሚያሰጋው፣ ኬብል ተቀይሮም «ዲሜሴጅ» የማንበብ ስህተትን ከሴክተር (የዲስኩ ትንንሽ ክፍሎች) ቁጥሮች ጋር ደጋግሞ ሲያወጣ ነው። ይህ ዲስኩ ራሱ እየተበላሸ መሆኑን ስለሚያመለክት የፋይል ሲስተም ጠጋኙን «ኤፍኤስሲኬ»ን (fsck) ማስኬድ ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችላል። በቂ ቦታ ባለው ሌላ ዲስክ ላይ ከሚበላሽ ዲስክ መረጃ በሚያድነው «ዲዲሬስኪው» (ddrescue) ሙሉ ቅጂ ይወሰድ፤ ጥገናውም በቅጂው ላይ ብቻ ይሠራ።