የገጠር መሬት ከውጭ ሆኖ መያዝ፦ ለድሬና ለሐረር ልጆች

ከተማ ያለ ቤት ቢያንስ በርና ቁልፍ አለው። የገጠር መሬት ግን ቁልፍ የለውም። ኤረር ሸለቆ ያለች የማንጎ ማሳም ሆነች ከደንገጎ ወዲያ ያለች የማሽላና የጫት እርሻ ጠባቂዋ ሰው ነው። ከውጭ አገር ሆናችሁ የምታስተዳድሩትም እሱን ሰው ነው።

ስለዚህ ዋናውን አስቀድሜ ልናገር። የሚያርሰው፣ ብሩን የሚቀበለውና ውክልናውን የያዘው አንድ ሰው አይሁን። ሦስቱን ለአንድ ሰው ጠቅልሎ መስጠት በእኛ ዘንድ እንደ መተማመን ይቆጠራል። አጎት እያለ ሌላ ሰው መፈለግ ነውር ይመስላል። ግን አብዛኛው የቤተሰብ ጠብ የሚነሳው ከዚሁ ነው። ነገሩን በይሉኝታ ከመያዝ እንዲህ በሉት፦ «አጎቴ፣ እርሻው የእርስዎ ነው፤ ቢሮ መመላለሱ እንዳያደክምዎት ወረቀቱን ለእህቴ ላድርገው።» ያዳመጠ ሽማግሌ አይቀየምም። የተቀየመ ካለ ደግሞ ምክንያቱን ቀስ ብላችሁ አጣሩ።

መሬቱ የማን ወረዳ ነው?

ይሄ የሚታወቅ ይመስላል፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። «ሐረር ነው አገሬ» የሚለው ሰው እርሻው ሐረሪ ክልል ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር አልፎ ኦሮሚያ ምሥራቅ ሐረርጌም ሊሆን ይችላል። ድሬዳዋም የራሷ የገጠር ቀበሌዎች አሏት። ሦስቱም የየራሳቸው መሬት ቢሮ አላቸው። የሥራ ቋንቋቸውም ይለያያል። ድሬ በአማርኛ ትሠራለች፣ ኦሮሚያ በአፋን ኦሮሞ፣ ሐረሪ በሐረሪና በአፋን ኦሮሞ። ውክልናችሁ በአማርኛ ብቻ ተጽፎ ምሥራቅ ሐረርጌ ወረዳ ከሄደ፣ የተረጋገጠ ትርጉም አብሮት ቢኖር ብዙ ምልልስ ያስቀራል። በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የወረዳውና የቀበሌው ስም አለ፤ ፎቶ አስነስታችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙት። ደብተሩ በማን ስም እንደሆነም ያኔውኑ ታያላችሁ። ብዙ ጊዜ ያረፉ አባት ስም ሆኖ ይገኛል። እንዲያ ከሆነ ከምንም በፊት የውርሱን ጉዳይ ጨርሱ።

ውክልና

ያላችሁበት አገር ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይሰጣችኋል፤ አገር ቤት ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል። አብዛኛው ሰው «ጠቅላላ ውክልና» ይልና ሁሉን ያካተተ ይመስለዋል። በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ግን ጠቅላላ ውክልና የሚያሠራው የማስተዳደር ሥራ ብቻ ነው (ቁጥር 2203 እና 2204)። ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ለመታረቅ ወይም ፍርድ ቤት ለመቆም ሥልጣኑ ተለይቶ መጻፍ አለበት (ቁጥር 2205)። ይሄ ለእናንተ ጥሩ ነገር ነው። ኪራይ እንዲሰበስብ ከሆነ ኪራይ መሰብሰብ ብቻ ይጻፍ። «ለማንኛውም ይግባ» ብሎ የሚያስረዝም ጸሐፊ ሲያጋጥማችሁ እንቢ በሉ። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ መሻር ትችላላችሁ፤ ግን መሻሩን ለሰውየውም፣ ለወረዳውም፣ ለባንኩም በጽሑፍ አሳውቁ።

መሸጥ ሲነሳ አንድ ነገር ልጨምር። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። «ከጎረቤት ላይ ቆርጬ ልግዛልህ» የሚል ዘመድ ብር ሲጠይቃችሁ ይሄን አስታውሱት። በኪራይ ወይም በስጦታ ስም የሚሸፈን ሽያጭ ክርክር ሲመጣ አያዋጣም። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ) ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራል፤ የገጠር መሬት ግን ለሚያርሰው ገበሬ የተሰጠ ነው። እዚያው የሚኖረው ወንድማችሁ በስሙ ቢይዘው ምን ይጎድላችኋል?

ብር በወቅቱ

ብር የምትልኩት ስልክ ሲደወል ሳይሆን እርሻው ሲጠይቅ ይሁን። የሐረርጌ ማሽላ ብዙውን ጊዜ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይዘራል፤ በክረምት አረምና ኩትኳቶ ይፈልጋል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል። የዘርና የማዳበሪያ ብር መጋቢት ላይ ካልደረሰ መስከረም ላይ የሚላከው ለሌላ ነገር ነው የሚውለው።

ጫት ግን ሌላ ጉድ ነው። ቅጠሉ ከተቆረጠ ቶሎ ይደርቃል፤ የጫት ገበያዋ አወዳይ ላይ ዋጋው ጠዋትና ማታ ይለያያል። የጫትን ሒሳብ ከቶሮንቶ ሆኖ መያዝ አይቻልም፤ መሞከሩም ሰውን ሌባ ያስመስላል። የተቆረጠ ዓመታዊ ዋጋ ተነጋገሩና ትርፉንም ኪሳራውንም ለአራሹ ተዉት። ማንጎ ይሻላል። ፍሬው ዛፉ ላይ እያለ ከነጋዴ ጋር ተስማምቶ መሸጥ ይቻላልና ሒሳቡ አንድ ጊዜ ይዘጋል።

ዕቃ ሲገዛ ደረሰኝ ብቻ አትመኑ። የውሃ ፓምፕ ተገዛ ከተባለ፣ ሞተሩ ላይ ያለው ቁጥር እየታየ፣ ውሃውም ቦይ ውስጥ እየፈሰሰ ቪዲዮ ይነሳ። አጠገቡ ጎረቤት ቆሞ ስሙንና ቀኑን ይናገር። ያለፈ ዓመት ፎቶ መልሶ መላክ የተለመደ ነው፤ ቀን የሚናገር ሰው ካለበት ግን አይሆንም። መንደሩ ኔትዎርክ ከሌለው በገበያ ቀን ከተማ ሲወጡ ይላክላችሁ። አትነጫነጩ።

ስትመጡ

ብዙዎቻችሁ ለቁልቢ፣ ታኅሣሥ 19 ትመጣላችሁ። ጥሩ ነው፤ ማሽላው ተሰብስቦ ስለሚሆን ምርቱን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ግን በበዓሉ ሰሞን መንገዱ ሰው በሰው ነው፤ ጉዳይ ማስጨረስ አይሆንላችሁም። የወረዳ ጉዳይ ካለባችሁ ከበዓሉ ቀደም ብላችሁ ግቡ። ድንበሩን ከሚዋሰኗችሁ ጎረቤቶች ጋር በእግር ዙሩ፤ የቀበሌ ሰውና ሁለት ሽማግሌ አብረው ቢኖሩ ይመረጣል። የተገፋ ድንበር ካለ እዚያው ተነጋገሩ፤ የተስማማችሁበትንም ጽፋችሁ ሁሉም ይፈርሙበት። ኮፒውን ውክልና ለያዘው ሰው ስጡ።